የቆየ ጌሾና ጽጌረዳ ከነሥሩ ነቅሎ ሌላ ግቢ መትከል፣ ይጸድቃል ወይ?

የቀበና ልጅ
ግንቦት 14

ሰላም ለሁላችሁ፣ ምክራችሁን ፈልጌ ነው። ከቀበና ወደ አቃቂ ልንገባ ነው፣ የአሁኑን ግቢ እስከ ሐምሌ መጨረሻ ነው የምንለቀው። ለእቃው አላሰብኩም፣ የጨነቀኝ ተክሉ ነው። እናቴ የተከለችው ጌሾ አለ፣ ከቁመቴ በላይ ሆኗል፣ ግንዱን ከመሬቱ ጠጋ ብዬ ስለካው ውፍረቱ 5 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ጠላውም ጠጁም በሱ ነው የሚጠነሰሰው፣ ጎረቤት ድግስ ሲኖርበት መጥቶ የሚቆርጠው ከሱ ነው። ሌላ ደግሞ ሦስት ጽጌረዳና አንድ ያረጀ የጥብስ ቅጠል አለን።

አንድ አትክልተኛ ጠርቼ ሳሳየው "ምንም ችግር የለውም፣ ቅጠሉን በሙሉ መልምለን እንነቅለዋለን፣ በዚያው ቀን ወስደን እንተክለዋለን" አለኝ። ጎረቤቶች ደግሞ የቆየ ጌሾ ተነቅሎ አይጸድቅም፣ ዝም ብለሽ ችግኝ ግዢ ይሉኛል። እናቴ ግን ጥላው መሄድ አልሆነላትም። የምታውቁ ካላችሁ በናታችሁ፣ ይጸድቃል ወይ? የሚጸድቅ ከሆነስ ከአሁኑ ምን ላድርግ?

ጓሮ ወዳድ
ግንቦት 14

ይጸድቃል እህቴ፣ ግን እንደተባልሽው በአንድ ቀን ሥራ አይደለም። ሰው ተክል ሲነቅል የሚያየው ቅጠሉን ነው፣ የሚያኖረው ግን ሥሩ ነው፣ ከሥሩም ወፍራሙ ሳይሆን ጫፍ ጫፉ ላይ ያሉት ክር የሚያካክሉ ቀጫጭኖቹ። ውሃ የሚጠጡት እነሱ ናቸው። ወፍራሞቹ ተክሉን አቁመው ይይዛሉ፣ የተጠጣውን ያሳልፋሉ፣ ምግብ ያስቀምጣሉ። እና ችግሩ ምን መሰለሽ፣ ቀጫጭኖቹ ያሉት ከግንዱ ራቅ ብለው ነው፣ ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፈው ሁሉ ይሄዳሉ፣ አብዛኞቹም ከላይኛው 30 ሴንቲ አፈር ውስጥ ናቸው። ግንዱን ተጠግተሽ በዶማ ዙሪያውን ቆፍረሽ ስትነቅይው ወፍራሞቹን ጉቶ ጉቶ አድርገሽ ይዘሽ ትሄጃለሽ፣ የሚጠጡት እዚያው ቀበና ይቀራሉ። ከዚያ አቃቂ ላይ ጠዋት ማታ ብታጠጪው የሚጠጣበት የለውም።

ግንቦት ላይ መጠየቅሽ ትልቅ ነገር ነው፣ ጊዜ አለሽ። ከመንቀልሽ በፊት ሥሩን አዘጋጂው። የሚነቀለው አፈር ስፋት የግንዱን ውፍረት ከ10 እስከ 12 እጥፍ ይሁን ይባላል፣ ያንቺ 5 ሴንቲ ከሆነ ከ50 እስከ 60 ሴንቲ ማለት ነው። ግንዱን መሃል አድርገሽ ያን የሚያህል ክብ መሬቱ ላይ በአመድ አስምሪ። ከዚያ በደንብ በተሳለ አካፋ የክቡን ግማሽ ብቻ ቀጥ አድርገሽ ወደ ታች 30 ሴንቲ ያህል ቁረጪ፣ ሌላውን ግማሽ ከሦስት ሳምንት በኋላ። የተቆረጠው ሥር ከተቆረጠበት ጠጋ ብሎ አዲስ ቀጫጭን ሥር ያወጣል፣ ስለዚህ ሐምሌ ላይ የምታነሺው አፈር የሚጠጣ ሥር የሞላበት ይሆናል። ዝናቡ እስኪገባ ድረስ ግን ዙሪያውን ውሃ አታሳጪው።

የቀበና ልጅ
ግንቦት 14

እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ፣ እንዲህ አርጎ ያስረዳኝ የለም። ግን ገና ሳይነቀል ሥሩን መቁረጥ አይጎዳውም? እናቴ ይሄን ብትሰማ አካፋውን ትደብቅብኛለች።

የችግኝ ጣቢያ ጡረተኛ
ግንቦት 15

ልጄ፣ ለእናትሽ እንዲህ በያት፣ ሥሩ መቆረጡ የማይቀር ነው፣ ጥያቄው መቼ ይቆረጥ ነው። አሁን ቢቆረጥ ግማሹ ሥር እየመገበው፣ በለመደው መሬት ላይ ቆሞ ቁስሉን ያድናል። ሐምሌ ላይ አንድ ላይ ቢቆረጥ ግን ቁስሉም፣ የመኪናው መንገላታትም፣ አዲሱ አፈርም ባንድ ቀን ይወርዱበታል።

ጓሮ ወዳድ የጻፈው ትክክል ነው፣ እኔ አንድ ነገር ልጨምር። ሐምሌ ላይ ስትነቅይው በዚያው በተቆረጠው መስመር ላይ አትቆፍሪ፣ ከመስመሩ አንድ ጭብጥ ያህል ወደ ውጪ ወጣ በይ። አዲሶቹ ሥሮች የሚበቅሉት ከተቆረጠው ጫፍ ነው፣ ጥቂቱም ወደ ውጪ ይወጣል፣ በመስመሩ ላይ ከቆፈርሽ ስትጠብቂው የከረምሽውን መልሰሽ ቆረጥሽው ማለት ነው። ይሄን ብዙ ሰው ይረሳዋል።

ደግሞ መቁረጫው ይሳል። በደነዘ ዶማ የተቀጠቀጠ ሥር ይበሰብሳል እንጂ አያገግምም። ከአውራ ጣት የወፈረ ሥር ካጋጠመሽ በአካፋ አትምቺው፣ አፈሩን በእጅሽ ጥረጊና በመጋዝ ንጹህ አርገሽ ቁረጪው።

ስትቆፍሪ እግረ መንገድሽን ሥሩን እይው። ጤነኛ ሥር ጫፉ ነጭ ወይም ክሬም ነው፣ ስትጨብጪው ጠንከር ይላል፣ የሚሸተው አፈር አፈር ነው። የታመመው ቡናማ ወይም ጥቁር ይሆናል፣ ያሟልጫል፣ በሁለት ጣት ይዘሽ ስትስቢው ልጡ ተሞሽልቆ በእጅሽ ይቀርና ውስጡ ያለው ክር ብቻውን ይንጠለጠላል፣ ሽታውም የቆመ ውሃ ሽታ ነው። እኛ ችግኝ ጣቢያ ሳለን ችግኝ ስንቀበል ቅጠሉ ቢያምርም ፕላስቲኩን ገልጠን ሥሩን ሳናይ አንፈርምም ነበር።

መቀስ በእጁ
ግንቦት 15

እኔ በዚህ አልስማማም። አባቴ ጌሾም ቡናም ሲያዛውር ቅጠሉን በሙሉ ነው የሚመለምለው፣ ይጸድቅለትም ነበር። ሥሩ ከቀነሰ ቅጠሉም መቀነስ አለበት፣ አለበለዚያ ቅጠሉ ውሃውን ተንፍሶ ተንፍሶ ይጨርሰዋል። ጌሾ ደግሞ ቢቆረጥ የሚያቆጠቁጥ ተክል ነው፣ ምኑ ያስፈራል?

ጓሮ ወዳድ
ግንቦት 15

ጌሾ እንደሚያቆጠቁጥ እኔም አውቃለሁ፣ አባትህም ያለ ምክንያት አላደረጉትም፣ በበጋ የሚያዛውሩ ከሆነ እንደውም ልክ ናቸው። ግን ሁሉንም ቅጠል መላጨት ላይ ነው ያልተስማማሁት። አዲስ ሥር የሚሠራው ከምንድነው? ቅጠሉ ከሚያበስለው ስኳር ነው። ሥር አብቅል የሚለው መልእክትም የሚወርደው ከለጋው ቡቃያና ከቅጠሉ ነው። ሁሉንም ስትመለምለው ተክሉ ያለችውን ስንቅ አዲስ ቅጠል ለማውጣት ያውላታል፣ ሥሩ ወደ ኋላ ይቀራል። ብዙ ጊዜ የምናየው እኮ ይሄ ነው፣ ተነቅሎ የተተከለ ነገር በሁለተኛው ሳምንት ለምለም ቡቃያ ያወጣል፣ ሰው ጸደቀ ብሎ ይደሰታል፣ ከዚያ ዝናቡ ሲያቆም ባንድ ጊዜ ይደርቃል፣ ምክንያቱም ከታች የያዘው ነገር የለም።

ሐምሌ ላይ ደግሞ አየሩ እርጥብ ነው፣ ፀሐይም ብዙ የለም፣ ቅጠሉ የሚያተነው ውሃ ትንሽ ነው። ስለዚህ የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውን አውጪ፣ የረዘመውን አሳጥሪ፣ ቢበዛ ከሦስት አንድ እጅ፣ ከዚያ አትለፊ። ቀድሞ ሥሩ ከተዘጋጀ ከዚህ በላይ አያስፈልገውም።

መቀስ በእጁ
ግንቦት 16

እሺ፣ አባቴ የሚያዛውረው ጥቅምት ላይ ነበር፣ ለሱም ይሆናል። የክረምቱን ነገር ተቀብያለሁ።

ዋልካ ላይ ነዋሪ
ግንቦት 16

እህቴ እኔ አቃቂ ነኝ፣ ሁሉም ስለ አነቃቀሉ ነው የጻፉት፣ አንቺን ግን የሚፈትንሽ የሚተከልበት ነው። ቀበና ቀይ አፈር ነው፣ ውሃ ያሳልፋል። እኛ ሠፈር ዋልካ ነው፣ ጥቁር አፈር፣ በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፣ በክረምት አብጦ ይገጥምና ውሃው ላዩ ላይ ይተኛል። ሥር ደግሞ ውሃ ብቻ አይደለም የሚፈልገው፣ ይተነፍሳል። ውሃ የተኛበት አፈር ውስጥ አየር የለም፣ ሥሩ ይታፈናል፣ ከዚያ መበስበስ ይመጣል። የሚገርመው ደግሞ ሥሩ ሲበሰብስ ከላይ ቅጠሉ የሚጠወልገው ውሃ እንደጠማው ሆኖ ነው፣ ሰውም ያንን አይቶ ይጨምርበታል።

እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚያደርገው ጥልቅ ጉድጓድ ይቆፍርና ጥሩ አፈርና ፍግ ገዝቶ ይሞላዋል። በዋልካ ላይ ይሄ አደገኛ ነው፣ ዙሪያው ውሃ አያሳልፍም፣ ውስጡ ልል ነው፣ የግቢው ውሃ ሁሉ እዚያ ይገባና ጉድጓዱ ገንዳ ይሆናል፣ ተክልሽ ገንዳ ውስጥ ቆሞ ይከርማል። እንዲህ አድርጊ። መጀመሪያ የምትተክዪበትን ቦታ ትንሽ ቆፍረሽ ውሃ ሙዪው፣ በማግስቱ ውሃው ካለ እዚያ ቦታ ወደ ታች አትትከዪ። መሬቱን ሰፋ አድርገሽ ቀስቅሺ፣ አፈርና የበሰለ ኮምፖስት አደባልቀሽ 30 ሴንቲ ያህል ከፍ ያለ መደብ ሥሪ፣ ጌሾውን መደቡ ላይ ትከዪው። ከመደቡ ዙሪያ ውሃው የሚወርድበት ቦይ ይኑር። ገበሬው ስንዴውን በዋልካ መሬት ላይ ሰፊ መደብ አውጥቶ የሚዘራው ለዚሁ ነው።

ሌላ ደግሞ እርጥብ ዋልካ በአካፋ ሲቆረጥ የጉድጓዱ ግድግዳ እንደተለሰነ ልስልስ ይላል፣ ሥር አያስገባም። በሹካ ወይም በዶማ ጫፍ ጫረው ጫረው አርጊው።

የቀበና ልጅ
ግንቦት 16

ኧረ ይሄን ባልሰማ ምን ልሆን ነበር፣ አትክልተኛው 1 ሜትር ጥልቀት እቆፍራለሁ ብሎኝ ነበር።

ሜሪላንድ
ግንቦት 17

ሰላም ጤና ይስጥልን። እኔ ያለሁት አሜሪካ ነው፣ እዚህ ቁጥቋጦ የሚዛወረው ቅጠሉ ረግፎ ተኝቶ እያለ ነው፣ ወይ ኅዳር አካባቢ ወይ በመጋቢት ቡቃያው ሳይፈነዳ። አገር ቤት ግን ብርድ የሚያስተኛው ወራት ስለሌለ ዝናቡን ነው መከተል ያለባችሁ። እዚህ የምናደርገውና ለናንተም የሚሆነው ግን አለ። የተነቀለው አፈር እንዳይፈርስ ወዲያው በካሻ ይጠቀለላል፣ በገመድ ጠፍሮ ይታሰራል። አፈሩ ከፈረሰ እነዚያ ክር ክር የሚሉት ሥሮች ይበጠሳሉ፣ ፀሐይና ንፋስ ካገኛቸው ደግሞ ለመድረቅ ደቂቃዎች ይበቃቸዋል።

እኔ ራሴ ጌሾ በትልቅ ፖት አለኝ፣ በብርዱ ወራት ቤት ውስጥ ነው የሚከርመው። ፖት ውስጥ የቆየ ተክል ሥሩ ግድግዳውን እየታከከ ይዞራል፣ ዝም ካሉት መሬት ላይ ቢተከልም እዚያው መዞሩን ይቀጥላል፣ ከዓመታት በኋላ የራሱን ግንድ ያንቃል። ስለዚህ ፖት ስቀይር ዳር ዳሩን 2 ሴንቲ ያህል በስለት እቆርጠዋለሁ። ከችግኝ ጣቢያ በፕላስቲክ የሚሸጠውም እንደዚያው ነው።

የችግኝ ጣቢያ ጡረተኛ
ግንቦት 17

ሜሪላንድ የተናገረው ወርቅ ነው። እኔን የሚያንገበግበኝ ነገር ይሄው ነው። በ2011 አረንጓዴ አሻራ ከተጀመረ ወዲህ ስንት ሰው ችግኝ ይተክላል፣ ደስ ይላል፣ ግን ዛሬም ፕላስቲኩን ሳይቀድ ከነፕላስቲኩ የሚተክል ሰው አለ። ፕላስቲኩ በምላጭ ከላይ እስከ ታች ይቀደድ፣ ከሥር የተጠቀለለው ሥር ይቆረጥ፣ ከዚያ ይተከል። ቡና ላይ ደግሞ የበለጠ ነው፣ ቡና ወደ ታች የሚወርድ ዋና ሥር አለው፣ እሱ ሲተከል ከታጠፈ ለጥቂት ጊዜ ያድግና ፍሬ መያዝ ሲጀምር ይደክማል። ሲተከል ደቂቃ መታገስ ነበር።

የቀበና ልጅ
ግንቦት 29

ግማሹን ክብ ቆርጬዋለሁ። ሥሩን በአፍንጫዬም በጣቴም አየሁት፣ ጫፎቹ ነጭ ናቸው፣ እናቴም አይታ ትንሽ ልቧ መለስ አለ። ግን ከጽጌረዳዎቹ አንዱ ጋ ስቆፍር ከመሬቱ በታች አንገቱ ላይ የዋልነት ያህል ሻካራ እብጠት አገኘሁ፣ ሥሩም ላይ ትንንሽ አለ። ፎቶ አያይዣለሁ። ይሄ ምንድነው? የጥብስ ቅጠሉስ እንዴት ይሁን?

ጓሮ ወዳድ
ግንቦት 29

ፎቶውን ሳየው የአንገት እብጠት በሽታ ይመስላል፣ ባክቴሪያ ነው የሚያመጣው፣ በቁስል በኩል ይገባል። መድኃኒት የለውም። እሱን ጽጌረዳ ወደ አዲሱ ግቢ አታስገቢው እህቴ፣ አፈሩ ውስጥ ይቆያል፣ ሌሎቹንም ይነካል። ነቅለሽ አቃጥዪው እንጂ ኮምፖስት ውስጥ አትጨምሪው። የቆረጥሽበትን አካፋና መቀስ ወደ ሌላው ከመሄድሽ በፊት በአልኮል ወይም በበረኪና አጽጂው። ሁለቱን ጤነኞች ግን ጌሾውን እንዳደረግሽ አድርጊ፣ ሲነቀሉ እስከ ጉልበት አሳጥረሽ፣ አበባና እምቡጥ ያለውን ሁሉ አንሺ፣ አበባ ስንቅ ይጨርሳል።

የጥብስ ቅጠሉን ተይው። ያረጀ የጥብስ ቅጠል እንጨት ሆኖ ሥሩም ዘርዛራ ነው፣ መዛወር አይወድም። ከለጋው ጫፍ 10 እና 15 ሴንቲ እያልሽ ቁረጪ፣ የታችኛውን ቅጠል አራግፊና አሸዋ የበዛበት አፈር ላይ ጥላ ሥር ሰክተሽ እርጥበቱን ጠብቂ፣ በሳምንታት ውስጥ ሥር ያወጣል። ከጤነኞቹ ጽጌረዳዎችም እርሳስ የሚያህል ውፍረት ያለው ቁራጭ ብትሰኪ መጠባበቂያ ይሆንሻል፣ የጌሾው ፍሬም ቀልቶ ሲጠቁር ልቀሚና ዝሪ። እናትየው ባትጸድቅ እንኳ ልጆቿ አሉ።

የቀበና ልጅ
ሐምሌ 18

ነገ ነው የምንነቅለው። አይሱዙ ተከራይተናል። ከክብደቱ የተነሳ ስንት ሰው ያስፈልጋል? መንገድ ላይስ?

የችግኝ ጣቢያ ጡረተኛ
ሐምሌ 18

55 ሴንቲ ስፋትና 35 ሴንቲ ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር ከ100 ኪሎ በላይ ነው፣ አራት ጎልማሳ ይኑር። ግንዱን ይዞ ማንሳት ክልክል ነው ልጄ! ግንዱ ተይዞ ሲነሳ አፈሩ በክብደቱ ወደ ታች ይጎተትና ሥሩ ከውስጥ ይበጠሳል፣ ከውጪ አይታይሽም። ካሻውን ከሥሩ አሾልካችሁ በአራቱ ጫፍ ያዙት። ዛሬ ማታ ዝናብ ከሌለ በደንብ አጠጪው፣ ደረቅ አፈር ይፈርሳል። መኪናው ላይ ቅጠሉን በአንሶላ ሸፍኑት፣ የመኪና ንፋስ ከፀሐይ ይከፋል።

ስትተክዪ ድሮ መሬት የነበረበት ምልክት ግንዱ ላይ ይታያል፣ ከዚያ በላይ አፈር አታልብሺው። ካሻውን ከታች ፍቺ፣ በተለይ የናይለን ማዳበሪያ ከረጢት ከሆነ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። ከዚያ አፈሩን በእግር አትርገጪ፣ በውሃ ነው የሚረጋው፣ ግማሽ አፈር፣ ውሃ፣ ቀሪው አፈር፣ ውሃ። ዩሪያም ዳፕም ትኩስ ፍግም አሁን የለም፣ አዲስ ሥር ያቃጥላሉ። ላዩን የጤፍ ጭድ ጎዝጉዢ፣ ግንዱን ግን አያስነካ።

የቀበና ልጅ
ነሐሴ 11

ተተክሏል፣ እናቴ ራሷ ቆማ ነው ያስተከለችው። ከመደቡ ላይ ነው ያለው። አሁን የሚያሳስበኝ ጥቂት ቅጠል ቢጫ ሆኖ ረግፏል፣ ከሰዓት ሲሆን ደግሞ ጠውለግ ይላል፣ ጠዋት ግን ቀና ብሎ ነው የማገኘው።

ዋልካ ላይ ነዋሪ
ነሐሴ 11

ጠዋት ከቀና አትደንግጪ፣ ከሰዓት ሥሩ የሚስበው ውሃ ቅጠሉ ከሚያተነው ስላነሰ ነው። ውሃ ከመጨመርሽ በፊት ጣትሽን እስከ ሁለተኛው አንጓ አስገቢ፣ እርጥብ ከሆነ አታጠጪ፣ ይልቅ በምዕራብ በኩል በቆርቆሮም በጨርቅም ጥላ አቁሚለት። ቅርንጫፍ ሞተ ብለሽ ከጠረጠርሽ ቅርፊቱን በጥፍርሽ ጫር አርጊው፣ ከሥሩ አረንጓዴ ካለ ሕያው ነው።

የቀበና ልጅ
ጥቅምት 6

ዝናቡ ቆመ፣ ጌሾው በሁለት ጎን አዲስ ቅጠል አውጥቷል፣ ጽጌረዳዎቹም ደህና ናቸው። ውሃ እዚህ በፈረቃ ነው የሚመጣው፣ በሳምንት ስንት ጊዜ ላጠጣ?

ጓሮ ወዳድ
ጥቅምት 6

ደስ ይላል! አሁን ነው ዋናው ጊዜ፣ ሥሩ ገና ከተነቀለበት አፈር ብዙ አልወጣም፣ ያ አፈር ደግሞ ከዙሪያው ዋልካ ቀድሞ ይደርቃል። ስለዚህ ዙሪያው እርጥብ ነው ብለሽ አትታለዪ፣ ግንዱ አጠገብ ያለውን አፈር ነው በጣትሽ የምታዪው። በሳምንት ሁለት ጊዜ ቀስ ብሎ የሚወርድ 20 ሊትር ይበቃዋል፣ ላዩን በየቀኑ ከምታረጥቢው ይሻላል፣ ላዩን ብቻ ካረጠብሽው ሥሩ ወደ ላይ ይመጣል። ጀሪካን ወይም ሁለት ሦስት ሃይላንድ ከታች በኩል በመርፌ በሳ በሳ አርገሽ ብታስቀምጪ ውሃው በሄደበት ቀንም ይንጠባጠብለታል። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ስለሚኖር ለጋውን ማታ ማታ ሸፍኚለት። ለጠላ መቁረጥ ግን የሚቀጥለው ክረምት እስኪያልፍ ይቆይ።

የቀበና ልጅ
ጥቅምት 7

እናቴ እስከዚያ ከገበያ እገዛለሁ ብላለች። የጥብስ ቅጠሉ ቁራጮች ሥር አውጥተዋል፣ ከፍሬውም የበቀሉ ጌሾዎች አሉኝ፣ አቃቂ አካባቢ የሚፈልግ ካለ በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ።